ረቡዕም ዓሣ ነበር

ቅዳሜ አመሻሽ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ
ከግንፍሌ ቁልቁል፣ ከቦኖው በስተግራ፣
ከእነወይዘሮ አፀደ ቆርቆሮ ጠፈጠፍ
ሥር ያለውን ጭቃ በማንኪያ ስንዘርፍ፣
እኔና ልሳኑ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክከን
ትል እንለቅማለን፣ እየተሻማን።
ጣሳው የወተት ነው፤ ልሳኑ ክዳኑን በሚስማር ወግቶታል፦
«ትልም እኮ ነፍስ ነው፣ አየር ያስፈልገዋል።»

አባባ ደግሞ ፊደል ለቃሚ ነው፣ እዚያ ማተሚያ ቤቱ፤
እርሳስ እየነካ ሳምንቱን በሙሉ ይጠቁራል ጣቱ።
እሑድ ግን ጎሕ ሲቀድ፣
ሸምበቆውን ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል ሲሄድ፣
ካውቶቡሱ መስኮት ጫፉ ወጥቶ ይታያል፣
ጨርቅ እንደሌለው ሰንደቅ ይወዛወዛል።
ትኬት ቆራጩ ይቆጣል፦ «ለእሱም ሒሳብ አምጣ!»
«ለእሱማ እከፍላለሁ፣ ዓሣ ይዞ ሲመጣ።»

ሲመለስ ዓሣውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣና
ሆዱ ላይ፣ ራሱ የለቀመው ፊደል ታትሞ እናየዋለን፤
ተገልብጦ፣ ሳይደርቅ ገና።
እማዬ ወጥ ቤቷን ለዓሣ አታውስም፤
«ሽታው ከሽሮዬ ለከርሞም አይለቅም!»
ስለዚህ አባባ በር ላይ፣ በላምባ ምድጃ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣
የእኛን ቆርኪ ቀምቶ ቅርፊት ይፍቃል ጎንበስ ብሎ።
ፂሙ መሐል ገብቶ ብልጭ ብልጭ ይላል።
ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ቀስ አድርጎ ያቁላላል፤
ድልህ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ በመጨረሻ፤
ከዚያ «ጭንቅላቱ የማን ነው?» ይለናል፣
የድስቱን ክዳን ደረቱ ላይ ይዞ እንደ ጋሻ።
ጭንቅላቱ የኔ ነው፣ ጅራቱ የልሳኑ፤
«አልበላም» ያለችው እማዬ ስትቀምስ፣ ስትቀምስ፣ ይመሻል ቀኑ።

አንድ ክረምት ላይ ግን እሑድ በዛልን።
ማክሰኞ እሑድ ሆነ። ሐሙስም እሑድ ሆነልን።
ሸምበቆው በየጠዋቱ ከበር ይነሳል፤
የአባባ ጣት ደግሞ ቀን በቀን እየነጣ የእኛን ጣት ይመስላል።
እኛ ምን ገዶን! ጣሳችንን ይዘን ከጭቃ ወደ ጭቃ፣
ማን ጠራን፣ ማን ያዘን፣ ማን አለን «አሁንስ በቃ»!
ዓሣ ዓሣ እየሸተትን ሰኞ ማክሰኞ ስንዘል፣
ጨለማ ራሱ መጥቶ በእጃችን ካልጎተተን አንገባም ስንል።

ረቡዕም ዓሣ ነበር።
«ጾም አይደል ወይ ዛሬ?» ትላለች እማዬ።
«ዓሣ ደም የለውም።»
«አለው!»
«የለውም፣ ፋናዬ።»
ክርክሩ ይከራል ልክ እንደ ጉባኤ፤ እኛ እንስቃለን።
እሷ ግን ሳትቀምስ ታድራለች።
ለጾሙ መስሎን ነበር። እንበላለን፣ እንተኛለን።

ትናንት ነው የሰማሁት። አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ድሮ ቦኖው ከነበረበት በላይ፣ በግምት፣
ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው፤ ያ ሽታ ይመጣ እንደሁ ለማየት።
ልጄ ሶልያና አፍንጫዋን ይዛለች።
አባባ ሰገነቱ ላይ የመንጠቆ ክር ይቋጥራል፤
ክሯ ትንቀጠቀጣለች።
«እናትሽ» አላት፣ «አንድ ክረምት ሙሉ ይህን በልታለች።»
«ለምን?»
«አዲስ ማሽን መጣ፤ ፊደል በጣት መልቀም ቀረ፤ እኔም ቀረሁ አብሬ።
ደመወዙም እንዲሁ።»
በቃ፣ እንዲህ ነው ያላት፤ እንደ ዝናብ ወሬ።

ሽንኩርቱ አረረብኝ።
እማዬ ብትኖር አንድ ነገር እጠይቃት ነበር፤
ስለ ደሙ አይደለም፤
ያኔ ድስቱ ውስጥ ስንት ዓሣ ነበር?
ምድጃውን አጠፋሁ፤ ክዳኑን ይዤ ቆምኩ፣
የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ።

ሶልያና ግን ሌላ ነገር ይዛለች፦
«ትሉስ? የት ነበር የሚገኘው ትሉ?»
አባባ ተነሳ፤ ብረቱን ተደግፎ ቁልቁል አየ፤
ንጣፉን፣ የመኪናውን ሰልፍ፤
ብዙ ቆየ፣ በዓይኑ እየለካ
የእነወይዘሮ አፀደን ጠፈጠፍ።
«እዚያ» አለ፤ «ከነጩ መኪና ትንሽ ወደ ግራ።
ዝናቡ ሲያባራ።»